ከትልቁ ቤት በሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ

ሰው ጡረታ ሲወጣ በእጁ ያለውን ያስረክባል። እኔም አስረከብሁ። የመኪናውን ቁልፍ፣ ሁለት የፊልም ማሽን፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ ባዶ የፊልም መጠቅለያዎች። የንብረት ክፍሉ ልጅ አንድ በአንድ እያየ ፈረመልኝና "ሌላ እርስዎ ጋ የቀረ ነገር አለ ጋሼ?" አለኝ። "የለም" አልሁት። ዋሸሁት። በድሮ የሥራ ጓደኛዬ በሙላት ላይ ያለኝን ቅናት አላስረከብሁም። ቅናቱ አብሮኝ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወረታ ቤቴ ድረስ መጣ፤ አሁንም እዚሁ አለ።

ባለቤቴ አንጓች ትስቅብኛለች። "አንተ ሰውዬ፣ ሌላው ወንድ በሚስቱ ይቀናል፣ አንተ በወንድ ትቀናለህ እንዴ! የኔ ነገርማ ግድም አልሰጠህ" ትለኛለች። ትሳቅ። እሷ ትልቁ ቤት ተቀምጣ ነው ፊልም ያየችው፤ ትንሹ ቤት ምን እንደነበረ አታውቅም።

የዛሬ የወረታ ልጆች ከተማችን ሲኒማ ነበራት ብላቸው ያፌዙብኛል። ያውም ባለ ሁለት አዳራሽ ስላቸው ጭራሽ "ጋሼ ዳኘው ጃጁ" ይላሉ። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለውን የእህል መጋዘን እስቲ ገብታችሁ እዩት። መሐሉ ላይ የጭቃ ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳው ጫፍ፣ በስተበሩ በኩል፣ አንድ ሰው በሁለት እጁ ትሪ የሚያሳልፍበት የሚያህል ቀዳዳ አለ። ነጋዴዎቹ ለምን እንደተበሳ አያውቁም። እኔ ግን የወጣትነት ዘመኔን የጨረስሁት በዚያ ቀዳዳ ስር ነው።

ቤቱን የሠሩት አቶ ካሳ የሚባሉ የኑግ ነጋዴ ነበሩ። ኑጋቸውን ጭነው አስመራ ድረስ ይወርዳሉ። እዚያ በአንድ ጣሪያ ስር ሁለት አዳራሽ ያለው ሲኒማ አዩና ልባቸው ተሰረቀ። ተመልሰው መጋዘናቸውን ለሁለት ከፈሉት። "አንድ ይበቃል እኮ አቶ ካሳ፣ ለወረታ ሁለት ምን ያደርጋል?" ሲሏቸው መልሳቸው "አስመራ ሁለት ነው" ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚከራከራቸው የለም።

ትልቁ ቤት ባለ መደገፊያ አግዳሚ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የታጠበ ነጭ ሸራ ነበረው። መምህራኑ፣ ጸሐፊዎቹ፣ ሾፌሮቹ፣ ጥሩ የሸጠ ገበሬ እዚያ ይገባል። ትንሹ ቤት ወለሉ አፈር፣ መቀመጫው ግንድ ነው። ከሜዳው እግሩን ጭቃ አድርጎ የመጣ፣ ዶሮ ታቅፎ የመጣ፣ ዘግይቶ የመጣ እዚያ ነው። ገበሬው ከመምሸቱ በፊት ቤቱ መድረስ ስላለበት ፊልሙ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር የሚታየው። መስኮቱን በበሬ ቆዳ ደፍነን ጨለማውን እኛው እንሠራዋለን።

አቶ ካሳ ሁለት ቤት ሲሠሩ የሚከራዩት ፊልም ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነው። አንድ ፊልም አምስት፣ ስድስት ጥቅል ይሆናል፤ አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። የመጀመሪያው ጥቅል በትልቁ ቤት ታይቶ ሲያልቅ መልሰው ይጠቀልሉትና በቀዳዳው ለትንሹ ቤት ይሰጡታል። ትልቁ ቤት ሁለተኛውን ሲያይ እኛ የመጀመሪያውን እናያለን። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ትልቁን ቤት ሙላት ይዞታል። ትንሹን እኔ።

አስቡት እንግዲህ። አንድም ቀን፣ አንድም ፊልም እኔ ቀድሜ አሳይቼ አላውቅም። ጥቅሉ በቀዳዳው ሲመጣ ገና ከሙላት ማሽን እንደወጣ ትኩስ ነው። በሁለት እጄ ስቀበለው የሰው ትራፊ የተቀበልሁ ይመስለኝ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። በዚያን ጊዜ አጫዋቹ ማሽኑን እያዞረ ፊልሙንም መተርጎም ነበረበት። ሕንድም ይናገር ጣሊያን፣ የወረታ ሰው በአማርኛ ካልነገሩት አይቀመጥልህም። በቆርቆሮ ጡሩምባ ወደ አዳራሹ እንናገራለን። እኔ ፊልሙን ከዋዜማው ደጋግሜ አይቼ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደካደ አጥንቼ፣ ልክ ልኩን እናገራለሁ። ሙላት ምንም አያጠናም። ባለታሪኩ በሩን ሲከፍት "ይኸው መጣ፣ ሐሙሲት ዕዳ በልቶ የጠፋው ሰውዬ!" ይላል። ልጅቷ ስታለቅስ "በሬው ርብ ወንዝ ገብቶባት ነው" ይላል። ጉድ እኮ ነው! ከፊልሙ ጋር የሚገናኝ አንዲት ቃል የለበትም። ሕዝቡ ግን በሳቅ ይፈርሳል።

ያ ሳቅ በግድግዳው በኩል ይመጣብኛል። የእኔ ሰዎች ግንዳቸው ላይ ተቀምጠው የጎረቤቱን ሳቅ ይሰማሉ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያው ቦታ እኛ ጋ ሲደርስ ለመሳቅ ተዘጋጅተው ይጠብቁኛል፤ እኔ ትክክለኛውን እነግራቸዋለሁ፤ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን አንዱ የይፋግ ገበሬ ተነሥቶ "ኧረ ባካችሁ ሙላትን አምጡልን! ይኼ ሰውዬ ፍትሐት ነው የሚያደርስብን!" አለ። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሹ ቤት በሳቅ የፈረሰው።

ነገሩን ያባሰው ጋሼ ኃይሉ ናቸው። ጋሼ ኃይሉ ሁለታችንንም ያስተማሩን የማሽን ሰው ናቸው። አቶ ካሳ ከአስመራ ከማሽኖቹ ጋር ነው ያመጧቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተቆለፈ፣ ዓይናቸው በማሽኑ ውስጥ በሚነደው የካርቦን ብርሃን የተጎዳ ሰው ነበሩ። ፊልም በሚታይበት ቀን ቅቤ የገባበት ወጥ አይቀምሱም። እጃቸውን በሎሚና በአመድ ይታጠባሉ። "የቅቤ ጣት ፊልም ላይ ይቀራል፤ ሸራው ላይ የአንተ ጣት ከበሬ ይገዝፋል" ይሉናል። ማሽኑ ሲዞር የበትር ጫፍ ሆዱ ላይ አስደግፈው ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፤ የትኛው ጥርስ እንደተበላ ከድምፁ ይነግሩናል። ከሁሉ በላይ፣ አንድ ጥቅል ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት ከዳር እስከ ዳር በሁለት ጣታቸው መሐል ያሳልፉታል። ዓይናቸውን ጨፍነው። የተቀደደ ጠርዝ፣ የላላ ስፌት ካለ ጣታቸው ይቆማል። "ዓይኔ መዋሸት ጀምሯል፤ ጣቴ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም" ይሉ ነበር።

ደግሞ አያመሰግኑም። በፊትህ "ጎሽ" የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ከእኔም ከሙላትም ጋር ያው ናቸው። ነገር ግን ሙላት ጡሩምባውን ይዞ ሲቀባጥር ጋሼ ኃይሉ ይስቃሉ! ለገዛ ልጃቸው ሠርግ እንኳ የሚስቁ የማይመስሉት ሰውዬ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። እኔ ከቀዳዳው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። እንዴት እንደሚያቃጥል!

እኔ ደግሞ የራሴ ሙያ አለኝ። አባቴ ይፋግ አጠገብ ባለች ደብር የሚያገለግል ብራና ፋቂ ነበር። ሙክት ሲታረድ ቆዳውን ወጥሮ፣ ፍቆ፣ አለስልሶ ለጸሐፊዎቹ ያዘጋጃል። እኔም ድቁና ተቀብዬ መምህር እንድሆንለት ነበር ሐሳቡ። የተረፈኝ መፋቁ ነው። ቆዳ ስትፍቅ ከሚገባው በላይ ከፋቅህ ይበሳል፣ ካነስህ ቀለም አይዝልህም። እጅህ ራሱ "በቃ" እስኪልህ ነው የምትፍቀው። ሲኒማ ቤት ስገባ አባቴ ሦስት ወር አላናገረኝም፤ የሰጠኝ ሙያ ግን እዚያም ተከትሎኝ ገባ።

ፊልም ሲበጠስ እንዲህ ነው የሚሰፋው። ሁለቱን ጫፍ እኩል ትቆርጣለህ። በአንዱ ጫፍ ላይ ያለውን ሥዕል የያዘ ቆዳውን በምላጭ ትፍቃለህ፤ እስኪጠራ ድረስ፣ ስሩን ሳትነካ። በምራቅህ ትንሽ ታርሰዋለህ። አንድ ጠብታ ማጣበቂያ ትቀባለህ፣ ሌላውን ጫፍ ታሳርፍበታለህ፣ በብረቱ ትጫነዋለህ። ከዚያ ትጠብቃለህ። ጋሼ ኃይሉ በኪስ ሰዓታቸው ነው የሚቆጥሩት። እኔ ሰዓት የለኝም። ስለዚህ ብረቱን ተጭኜ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፤ "አሜን" ስል አነሣለሁ። ጋሼ ኃይሉ መጀመሪያ ቀን ሲሰሙኝ ሰዓታቸውን አውጥተው አስተያዩት። "ልክ ነው" አሉ። "መሙላት የማያስፈልገው ሰዓት ነው ያለህ።" ከርሳቸው የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይኼ ነው፤ እሱም ለጸሎቱ ይሁን ለእኔ አላውቅም።

የሚከራዩልን ፊልሞች አገሩን ሁሉ ዞረው፣ ተቦጫጭቀው፣ አንዳንዴም ጫፋቸው በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ ነው የሚደርሱን። የስፌቱ ጠረጴዛ እኔ ክፍል ነው። ጥቅሎቹ የሚያድሩት እኔ ጋ ነው። ስለዚህ ከትዕይንቱ ዋዜማ ሁሉንም ፈትሼ፣ ሰፍቼ፣ አጽድቼ ጠዋት ለሙላት አስረክባለሁ። ሙላት የእኔን ስፌት ያሳያል፣ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል፣ እኔ ደግሞ የራሴን ሥራ ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደ ልመና እህል በቀዳዳ እቀበላለሁ። እንግዲህ ፍረዱኝ።

ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ትንሽ ነበር፤ ለሁለታችንም እኩል ነበር። በክረምት ርብ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ገበሬው ስለማይመጣ ቤቱ ይዘጋል፣ በዐቢይ ጾምም ይዘጋል፣ ያኔ እሱም አይከፈልም።

ሙላት ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ጥቅሉን ሲያቀብለኝ "እንካ ዳኘው፣ ሞቅ አድርጌልሃለሁ" ይላል። ምሳው ላይ ይጠራኛል። የጉማራ ገበሬ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ጥርሱ ፍልቅልቅ፤ የሄደበት ሁሉ ሰው ይከበዋል። እኔ ለሰላምታ ስጨነቅ እሱ ሁሉን ሰው አቅፎ ይስማል።

አንድ ዓመት በጾሙ መጨረሻ ላይ አቶ ካሳ ሁለታችንንም ጠሩን። ጋሼ ኃይሉ ተቀምጠዋል። "ኃይሉ ሊሄዱብን ነው" አሉ አቶ ካሳ። "ዓይናቸው ደክሟል። ልጃቸው ጋ አስመራ ይገባሉ። ከፋሲካ በኋላ ባለው የመጀመሪያ የገበያ ቀን ፊልም አከራዩ ራሱ ይመጣል። ቤታችንን አይቶ ከወደደው እንደ ትልልቆቹ ከተሞች አዲስ አዲሱን ቅጂ ይልክልናል። ካልወደደው ይኼው ቡትቶ ነው። ከዚያ በኋላ ከሁለታችሁ አንዳችሁ በኃይሉ ቦታ ዋና ትሆናላችሁ። ማን እንደሆነ ኃይሉ ይነግሩኛል።"

ሙላት የጋሼ ኃይሉን ጉልበት ሳመና "ጋሼ፣ እርስዎ ሄደው እኛ ምን እንሆናለን?" አለ። እንባው መጣ። እኔም ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ እሱ ቀድሞኝ ካለቀሰ በኋላ ማልቀስ ደግሞ ያው ከሃያ ደቂቃ በኋላ መሆን መሰለኝና ተውሁት።

ማን ዋና እንደሚሆን ለመናገር ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር። ትልቁን ቤት የያዘው እሱ፣ የሚወደደው እሱ፣ ጋሼን የሚያስቀው እሱ።

ከትዕይንቱ ዋዜማ፣ ከቀትር በኋላ፣ ብቻዬን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ጥቅሎቹን ፈተሽሁ። ሦስተኛው ጥቅል መሐል ላይ አንድ ቦታ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ቁልፉን አወጣሁ፣ ቆረጥሁ፣ ፋቅሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያ አሳምሬ ፍቄ አላውቅም። ማጣበቂያውን ቀባሁ፣ ብረቱን ተጫንሁ፣ "አቡነ ዘበሰማያት" ብዬ ጀመርሁ። በዚያው ጊዜ ከደጅ ሙላት ለቲኬት ቆራጩ የሆነ ነገር ሲያወራ፣ ቲኬት ቆራጩ ሲንከተከት ሰማሁ። "ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም" ላይ ደርሼ ነበር። "ኅድግ ለነ አበሳነ"፣ በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ላይ አልደረስሁም። ብረቱን አነሣሁት።

እጄ ሳላውቀው ነው ያነሣው ብል ማን ይከለክለኛል? ግን አይደለም። አውቄ ነው። ስፌቱን ቀስ ብዬ ሳብ አደረግሁት። ይይዛል። ለመጠቅለል ይይዛል። ማሽኑ በጥርሱ ሲጎትተው ግን አይቆይም። ነገ ሦስተኛው ጥቅል ላይ፣ አከራዩ ፊት፣ በሙላት እጅ ላይ ይበጠሳል። ማሽኑ ይቆማል፣ ሰው ያፏጫል፣ አቶ ካሳ ያፍራሉ። እኔ ጋ ሲደርስ አምጡት ብዬ በደንብ እሰፋዋለሁ። በቃ ይኸው ነበር ሐሳቤ። ጠቀለልሁትና ከሌሎቹ ጋር ደረደርሁት።

በማግሥቱ ሁለቱም ቤት ጢም አለ። አከራዩ ወፍራም፣ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነበር፤ ትልቁ ቤት መሐል ላይ፣ ከአቶ ካሳ ጎን ተቀመጠ። ጥቅሎቹን ተሸክሜ ወደ ትልቁ ቤት ማሽን ክፍል ስገባ ጋሼ ኃይሉ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ሙላት አጠገባቸው ነው።

"ዛሬ እኔ ነኝ የማሳየው" አሉ። "የመጨረሻዬ ነው። ሙላት ሕዝቡ መሐል ሆኖ ይተርጉም።"

ይኼ በሐሳቤ አልነበረም። ከሁሉ የባሰው ግን ገና ነበር። ጥቅሎቹን ከእጄ ሲቀበሉ እንደ ልማዳቸው በጣታቸው የሚያሳልፏቸው መስሎኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ይይዙታል ብዬ ትንሽ ተስፋ አደረግሁ። ጋሼ ኃይሉ ግን የመጀመሪያውን ቀጥታ ማሽኑ ላይ ሰቀሉት።

"አይፈትሹትም ጋሼ?" አልሁ።

"ዳኘው የሰፋውን ምን እፈትሻለሁ?" አሉ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ።

ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው! በዚያች ሰዓት መጣ። "ጋሼ" አልሁ። "ምነው?" አሉ። ሙላት ክንዱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጎ፣ በዚያ ጥርሱ ፈገግ ብሎ ያየኛል። እሱ ባይኖር እናገር ነበር። እምላለሁ፣ እናገር ነበር። በእሱ ፊት ግን "ስፌቱን አበላሽቻለሁ፣ አንተን ላዋርድ ብዬ" ልል ነው? "ምንም" አልሁ። ወደ ትንሹ ቤት ሄድሁ።

የመጀመሪያው ጥቅል በቀዳዳው መጣ። ሁለተኛውም መጣ። እኔ ሁለተኛውን እያሳየሁ በጡሩምባው የምናገረውን አላውቀውም፤ ሰዎቼም ምን እንዳልሁ የሰሙ አይመስለኝም። ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ነበር። የጋሼ ማሽን ድምፁ አማረ፣ አማረ፣ ከዚያ በድንገት ጠፍ ጠፍ ጠፍ አለ። ፉጨት ተነሣ። ሙላት አንድ ነገር ቀልዶ ሰዉን ሊያስቀው ሲሞክር ሰማሁ። ቀጥሎ ሽታው መጣ።

የተበጠሰው ፊልም ማሽኑ ጉሮሮ ውስጥ ታጭቆ፣ በካርቦኑ ብርሃን ፊት ቆሞ ነደደ። የድሮ ፊልም ደግሞ እሳት ይወዳል። በቀዳዳው ስመለከት ጋሼ ኃይሉ የማሽኑን በር በባዶ እጃቸው ከፍተው የሚነደውን እየጎተቱ መሬት ይጥላሉ፣ ይረግጣሉ፣ እንደገና ይጎትታሉ። የቀረውን ጥቅል አተረፉት። ቤቱንም አተረፉት። ጣታቸው ግን ተቃጠለ። እነዚያ የማይዋሹ ሁለት ጣቶች።

ሰዉ እየተጋፋ ወጣ፤ ማንም አልተጎዳም፤ ከአግዳሚዎቹ አንዱ ተሰበረ። አከራዩ ባርኔጣውን አፍንጫው ላይ አድርጎ እያሳለ መኪናው ውስጥ ገባና ሄደ። አቶ ካሳ ማሽን ክፍሉ ውስጥ ገብተው "የማን ጥፋት ነው?" ብለው ጮኹ።

"የእኔ ነው" አለ ሙላት። ወዲያው። ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ። "ማሽኑን ጠዋት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ አቶ ካሳ። ፊልሙ የሚያልፍበትን የማሽኑን በር ከልክ በላይ አጥብቄዋለሁ።"

"ዝም በል አንተ" አሉ ጋሼ ኃይሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። "የእኔ ነው። ሳልፈትሽ ሰቀልሁት።"

አቶ ካሳ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ?"

"እኔ ትንሹ ቤት ነበርሁ" አልሁ።

ይኸው ነው የተናገርሁት። ዘመኔን ሁሉ ትንሹ ቤት መሆኔን ስረግም ኖሬ፣ በዚያች ሰዓት እንደ ታቦት ተጠጋሁበት።

ጋሼ ኃይሉ በማግሥቱ፣ እጃቸው በማር ተቀብቶ በነጠላ እንደተጠቀለለ፣ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሙላት ሊሸኛቸው ሄደ። እኔ አሞኛል አልሁ። ልዋሽ ብዬ ነበር፤ ግን በእርግጥም ታመምሁ፤ ሦስት ቀን ተኛሁ።

ስነሣ አቶ ካሳ ጠሩኝ። ሙላትን ከማሽን አውርደውታል፤ ያመነ ይቀጣላ። "ትልቁን ቤት አንተ ያዝ" አሉኝ። "ኃይሉ ሲሄዱ ለዳኘው ስጠው ብለውኛል።" ጋሼ ባያውቁ ነው ብዬ አሰብሁ። ቢያውቁ ኖሮማ!

እንግዲህ ደረሰልኝ። የሲሚንቶ ወለል፣ መደገፊያ ያለው አግዳሚ፣ የመጀመሪያው ጥቅል። ትንሹ ቤት ሌላ አጫዋች ተገኘለት፤ እኔ ጥቅሉን በቀዳዳው ሳቀብለው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ከዚያ ወዲህ አከራዩ የሚልክልን የቡትቶ ቡትቶውን ሆነ። ባሕር ዳር ሲያድግ ፊልም የሚወድ ሁሉ አውቶቡስ እየያዘ ወደዚያ መሄድ ጀመረ። የቀረውም ቢሆን "ሙላት የለም?" ብሎ በር ላይ ይጠይቅና ይመለሳል። መጀመሪያ ትንሹ ቤት ኑግ ተሞላ። በሁለተኛው ዓመት ትልቁም። የመጨረሻውን ቀን ለዘጠኝ ሰው አሳየሁ፤ ከዘጠኙ ሁለቱ ተኝተው ነበር። ማሽኑን ፈትቼ በጆንያ ጠቀለልሁትና ቁልፉን ለአቶ ካሳ ሰጠሁ።

እኔ ከዚያ ጎንደር ጥቂት ዓመት ሠራሁ፤ አለቃዬ ማሽን ነክቶ የማያውቅ ጨዋ ሰው ነበር። ቀጥሎ ለገበሬው ስለ ወባና ስለ ከብት በሽታ ፊልም የሚያሳይ የመንግሥት መኪና ላይ ተቀጠርሁ። ከፎገራ ሜዳ ያልረገጥሁት መንደር የለም። በዛፍና በዛፍ መሐል ሸራ ወጥሬ ትንኝን እንደ በሬ አግዝፌ አሳይቻለሁ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። በዚያ ሁሉ ዘመን በሺህ የሚቆጠር ስፌት ሰፍቻለሁ። "አሜን" ሳልል ብረቱን ያነሣሁበት አንድ ቀን የለም። በየስፌቱ "ኅድግ ለነ" የሚለው ላይ ስደርስ ያ ሦስተኛው ጥቅል ይመጣብኛል፤ ግን እጨርሰዋለሁ።

ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወር ጉልበቴ አላስኬድ ሲለኝ አንጓች ዋንዛዬ ፍል ውሃ ላከችኝ። የወንዶቹ መታጠቢያ በድንጋይ ካብ የተከለለ ነው። ገና ከካቡ ውጭ ሆኜ ልብሴን ሳወልቅ ከወዲያ በኩል ሳቅ ሰማሁ። እንዲህ ዓይነት ሳቅ አንድ ሰው ነው የሚያመጣው።

ገባሁ። ሙላት ነው። ሸብቷል፣ ጥርሱ ግማሹ የለም፤ ግን ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ሰዉ ሁሉ ከቦታል። ሐሙሲት ሻይ ቤት ከፍቶ ይኖር ነበር፤ በደጁ አልፌ እሄድ ነበር እንጂ ገብቼ አላውቅም። አየኝና "ዳኘው! ና ና፣ ሞቅ አድርጌልሃለሁ!" አለ። ሌሎቹ ሲወጡ ሁለታችን ቀረን።

ከአንጓች በቀር ለማንም ሳልናገር ብዙ ዓመት የያዝሁት ነገር በዚያ እንፋሎት ውስጥ ለቀቀ። "ሙላት፣ የዚያን ቀን ሦስተኛው ጥቅል... ስፌቱን ሳላጠብቅ የሰጠሁ እኔ ነኝ። አውቄ። አንተ እጅ ላይ እንዲበጠስ ብዬ።"

ሙላት በእጁ ውሃ እየቀዳ ጉልበቱ ላይ አፈሰሰ። "አውቃለሁ" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"ጋሼ ናቸዋ። አውቶቡስ ስንጠብቅ። የተበጠሰውን ጫፍ ኪሳቸው ይዘውት ነበር። በደህናው እጃቸው ዳበሱትና 'ፍቁ የዳኘው ነው፤ እንዲህ የሚፍቅ ሌላ ሰው አላየሁም። ጸሎቱን ግን አልጨረሰውም' አሉኝ።"

ውሃው ፍል ነው፤ እኔ ግን በረደኝ። "ታዲያ ትልቁን ቤት ለምን ለእኔ አሰጡኝ?"

"እኔም ጠየቅኋቸው። ተናድጄ ነበር፣ ልዋሽህ አልፈልግም። 'ካሁን ወዲያ ሳይጨርስ የሚያነሣው ስፌት አይኖርም፤ ሥራውን ለሱ ነው መስጠት' አሉኝ። ደግሞ 'ማወቃችንን እንዳትነግረው፤ እጁ ይፈራል። እጁ የፈራ ሰው ፊልም አይሰፋም' ብለው አስማሉኝ። እስክትጨርስ ጠበቅሁህ። ጡረታ ወጣህ አይደል አሁን?"

"ወጣሁ።"

"እንግዲያው መሐላዬም አለቀ" አለና ሳቀ።

ተነሥቼ ጉልበቱን ሳምሁት። ሽማግሌ ለሽማግሌ፣ ራቁታችንን። "ኧረ ተው አንተ፣ ሰው ያየናል!" አለኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሸክሜ ይቀልልኛል ብዬ ነበር። መንገዱን ሙሉ ሌላ ነገር ይበላኝ ጀመር። ጋሼ ኃይሉ ስለ እኔ የተናገሩትን የመጨረሻ ቃል፣ ያን ምስጋና፣ ያን ይቅርታ፣ የሰማው ሙላት ነው። "የእኔ ነው" ያለው እሱ፣ የሸኛቸው እሱ፣ አደራውን የተቀበለው እሱ። እኔ ጋ የደረሰው ያው እንደ ልማዱ ነው፤ እሱ አይቶ፣ ጠቅልሎ፣ በቀዳዳው አቀበለኝ። ያውም በሃያ ደቂቃ አይደለም፣ በአርባ ዓመት ዘግይቶ።

አንጓች በር ላይ ተቀበለችኝ። "ሙላትን አገኘኸው አሉ?"

"አገኘሁት።"

"ነገርኸው?"

"ነገርሁት።"

"እሰይ! ታዲያ አሁን ቅናቱ ወጣልህ?"

"ባሰብኝ" አልኋት።